ሃያት ያልሰረዘቻቸው መስመሮች

ስልኩ ሲጠራ አየር ጤና የታክሲ ሰልፍ ላይ ነበርኩ። የሃያት ወንድም ነው። ሰላምታ እንኳ ሳይሰጠኝ፣ «ዳኒ፣ ሃዩ ወደ አኼራ ሄዳለች። ቀብሯ ከዝሁር ሶላት በኋላ ነው» አለኝ። ከኋላዬ የተሰለፈችው ሴትዮ «አንተ፣ አትገባም እንዴ?» ብላ በክርኗ ስትነካኝ ነው ታክሲው ደርሶ በሩ እንደተከፈተ ያየሁት።

አልጠበቅኩትም ብል እዋሻለሁ። ኩላሊቷ እንደከዳት ቢሮው በሙሉ ያውቅ ነበር። ከሆስፒታል በቀጥታ ወደ ሥራ ስትመጣ ክንዷ ላይ የተለጠፈውን ፕላስተር በእጅጌዋ ትሸፍነዋለች፤ እኛም ያላየን እንመስላለን። ግን ያቺ ለጠብ የማትሰንፍ ሴት ለሞት እጇን ትሰጣለች ብዬ አስቤ አላውቅም። አንዲት አሮጊት ሁለተኛ እግሯን ታክሲው ውስጥ ሳታስገባ ወያላው «ሳበው» ካለ፣ ሃያት መውረጃዋ እስኪደርስ ድረስ አትለቀውም ነበር። «አንተን የወለደችህ እናት አይደለችም እንዴ? ሮጣ ነው የምትገባው?» ትለዋለች። ወያላው ሰድቧት ይጀምርና ኮልፌ ሲደርሱ ይቅርታ ጠይቋት ይጨርሳል።

የስልጤ ልጅ ናት፤ ተወልዳ ያደገችው ግን ኮልፌ፣ አጠና ተራ አካባቢ ነው። የምንሠራው አየር ጤና፣ ከአንድ የመኪና መለዋወጫ መደብር በላይ ባለ ቢሮ ውስጥ፣ በስደት መንገድ ላይ የጠፉ ሰዎችን ከቤተሰባቸው ጋር በሚያገናኝ አነስተኛ ድርጅት ነበር። እዚህ ያለው ቤተሰብ የጠፋበትን ሰው ያስመዘግባል። ከወዲያ ደግሞ፣ በየእስር ቤቱና በየሆስፒታሉ የሚመላለሱ የአገር ልጆች ያገኙትን ሰው ስም ይልኩልናል፤ በሕይወት ያለውንም የሞተውንም። ኮምፒዩተሩ ውስጥ እያንዳንዱ ሰው አንዲት ነጥብ ነው፤ ዝምድናው ነጥብን ከነጥብ የሚያገናኝ መስመር። ሚስት ከባሏ፣ እናት ከልጇ። እኔ መረጃውን አስገባለሁ፤ መስመሮቹ መግጠማቸውን የምታጣራው ሃያት ነበረች።

ለማጣራቱ «ማበጠሪያው» የምንለው ፕሮግራም ነበራት። መስኮትም ሥዕልም የለው፤ ጥቁር ስክሪን ላይ ትዕዛዙን ጽፎ መልቀቅ ነው። መረጃውን ለስምንት ይከፋፍለውና ስምንቱንም ክፍል ባንድ ጊዜ ይፈትሻል። ይህ መስመር በሁለቱም ጫፍ ሰው አለው? እሷ ባሌ ያለችው ሰው መዝገብ ውስጥ አለ? እሱስ ሚስቴ ብሏታል? ጫፉ ባዶ የሆነውን መስመር በቀይ ይጽፈዋል። ከትዕዛዙ መጨረሻ ላይ አንዲት ቃል ከተጨመረች ደግሞ ቀዩን ሁሉ ራሱ ሰርዞ «ስህተት የለም» ይላል። ሃያት ያቺን ቃል ጽፋ አታውቅም።

ይህ ነገር ሥራ አስኪያጃችንን ጋሽ ግርማን እንቅልፍ ይነሳቸው ነበር። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ሪፖርት ግን ይፈራሉ። አንድ ሰኞ ጠዋት ከኋላዋ ቆመው ስክሪኑን አዩና፣ «ሃያት፣ ለጋሾቹ ይህን ሁሉ ቀይ ሲያዩ ምን ይላሉ? የማይረባ ሥራ የምንሠራ ነው የምንመስለው» አሏት።

«ጋሽ ግርማ፣ ይሄ እያንዳንዱ ቀይ እኮ በር በሩን የሚያይ ሰው ያለበት ቤት ነው። የትኛውን ልሰርዝ?»

«የሚያመለክተው የሌለ ሰው ነው።»

«እኛ መዝገብ ላይ የለም። የለም ያለው ሌላ ማን ነው?»

«መረጃው ንጹሕ መሆን አለበት፣ ልጄ።»

«ንጹሕና ባዶ አንድ አይደለም» አለቻቸው።

ጋሽ ግርማ እንድደግፋቸው ወደ እኔ ዞሩ። እኔ በዚያች ደቂቃ በጣም ሥራ በዝቶብኝ ነበር፤ ዓይኔን ከኪቦርዱ አላነሳሁም። በመጨረሻ እስከ ወሩ መጨረሻ ጊዜ ሰጧት። እስከዚያ ያልተጣራ ቀይ መስመር በሙሉ ይሰረዛል። መስመሩ ተሰረዘ ማለት ደግሞ ያንን ሰው ከእንግዲህ የሚፈልግለት የለም ማለት ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስልኩን አንስታ አላስቀመጠችውም። እናት ስታናግር ከወንበሯ ትነሳለች። «ምን ያስነሳሻል፣ አያዩሽም» ብላት፣ «እኔ ራሴን አየዋለሁ እኮ» አለችኝ። ሻርፏን ከጆሮዋ ገለጥ አድርጋ ስልኩን ትለጥፍና ሰላምታ ትጀምራለች። የሰውየውን ጤና፣ የልጆቹን፣ የጎረቤቱን፣ የሰሞኑን ዝናብ ሳይቀር ትጠይቃለች። እኔ ሰላምታው ሳያልቅ ሁለት ቤት እደውላለሁ። ግን የእኔዎቹ «እሺ፣ አዎ፣ ትክክል ነው» ብለው ይዘጋሉ፤ የእሷዎቹ ይነግሯታል። ችኮላዬን ሲያዩ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚሉኝ ጋሽ ግርማ ነበሩ። ይህን ተረት ደግሞ ሃያት አትወድም። «እንቁላሉ በእግሩ እስኪሄድ ሰው ያልቃል» ትልና ከመሳቢያዋ ቆሎ ዘግና ታቀብለኛለች። ስበሳጭ ቆሎ ትሰጠኛለች፤ ለጋሽ ግርማም እንደዚያው።

አማረችን ያገኘቻት በእነዚያ ቀናት ነው። ኮልፌ ገበያ ዳር ጉሊት ዘርግታ ሽንኩርትና ድንች የምትሸጥ የከምባታ ሴት ናት። ባሏ ታምራት ወደ ደቡብ አፍሪካ ብሎ ከወጣ ዓመታት አልፈዋል፤ ድምፁ የጠፋው መንገድ ላይ ነው። ሁለት ጊዜ አስመዝግባዋለች። የመጀመሪያው ላይ የባሏ አባት በአንድ ስም ተጽፏል፣ ሁለተኛው ላይ በሌላ ስም። ሁለቱም መስመር መድረሻ የለውም፤ ሁለቱም ቀይ ነው። ሃያት ደወለችላት። ሰላምታው፣ የልጇ ትምህርት፣ የሽንኩርት ውድነት ካለቀ በኋላ፣ «የታምራት አባት ማን ነው የሚባሉት?» ብላ ጠየቀቻት።

እኔ ጋ የሚሰማው የሃያት ድምፅ ብቻ ነው። «ተጽፏል፣ አዎ። ግን ሁለት ቦታ ሁለት ስም ነው የተጻፈው… የትኛው ነው ልክ?… ሁለቱም ይሁን? እንዴት ሁለቱም ይሆናል፣ እህቴ?»

ስልኩን ዘግታ ተቀመጠች። «አትዋሽም» አለችኝ። «የውሸታም ድምፅ አይደለም። ያፈረች ነው የምትመስለው። ሰው በባሏ አባት ስም ምን ያሳፍራታል?»

ያን ጊዜ እናቴ ትዝ አለችኝ። የእኔም ወላጆች ከከምባታ የመጡ ናቸው። በዚያ አገር የድሮውን ወግ የያዘች ሴት የባሏን አባት ስም አትጠራም፤ ነውር ነው። እናቴ ኮልፌ ውስጥ አርጅታም የአያቴን ስም ከአፏ አውጥታ አታውቅም። ቀበሌ ስንሄድ እንኳ «ስማቸውን አንተ ንገርልኝ» ብላ እኔን ወደፊት ትገፋኛለች። ታዲያ ፎርም የያዘ ጎረምሳ «የባልሽ ስም ከነአባቱ» ብሎ ሲያፋጥጣት፣ አማረች ምን ትበል? በኋላ እንደተረዳነው፣ የባሏን አጎት ስም ሰጠችው። ሌላ ጊዜ ሌላ ሰው ሲጠይቃት ደግሞ የራሷን አባት።

ይህን ስነግራት ሃያት ትክ ብላ አየችኝ። «ይሄን ለማን አስቀምጠኸው ነው እስካሁን?» አለችኝና ወደ ስክሪኑ ዞረች።

ማበጠሪያው ለስምንት ሲከፍለው አንዱ ክፍል የሚያየውን ሌላው አያይም። «ስምንት ሆነው ይሠራሉ፣ አይነጋገሩም» ትል ነበር። ስለዚህ ሚስቶች ያስመዘገቧቸውን ቀይ መስመሮች በሙሉ ወደ አንድ ወገን ሰበሰበች። በሌላው ወገን ደግሞ ከውጭ ስማቸው ተልኮ ዘመድ ያልተገኘላቸውን ወንዶች ደረደረች። የአባትን ስም ትታ የራሱን ስም፣ የሚስቱን ስምና ሰፈሩን ብቻ ታስተያይ ጀመር። በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ጠራችኝ። ጣቷን ስክሪኑ ላይ እንዳደረገች ነበረች። ታምራት ሀንዲሶ። በሽታ መንገድ ላይ ጥሎት፣ በአንዲት የድንበር ከተማ ሆስፒታል ውስጥ አርፏል። አብረውት የተጓዙት ቀብረውታል። ሚስት፦ አማረች፣ ኮልፌ።

ለዓመታት ከአንዱ ክፍል እሷ ስትፈልገው፣ ከሌላው ክፍል የእሱ መስመር ወደ እሷ ሲጠቁም ኖሯል። ማበጠሪያው ሁለቱንም ስህተት ብሎ በቀይ ጽፏቸዋል።

ሃያት ግን እርግጠኛ ሳትሆን አፏን አትከፍትም። በማግስቱ አብረን ወደ አማረች ጉሊት ሄድን። ሃያት ከፊት ለፊቷ ቁጢጥ ብላ ሽንኩርት እየመረጠች፣ «እኔ ልጥራው፣ አንቺ ዝም በይ» አለቻት። «ሀንዲሶ ነው?»

አማረች ነጠላዋን ወደ አፏ ሳበች። አንገቷን ደፋች። ከዚያ ቀና ስትል ፊቷ በርቶ ነበር። «አገኛችሁት?» አለች።

«እያጣራን ነው፣ እህቴ» አለቻት ሃያት።

ሽንኩርቱን ይዘን ታክሲ ገባን። ወያላው የፈለገውን ሲል ዋለ፤ ሃያት አንድ ቃል አልተነፈሰችም።

ጋሽ ግርማ አማረች ቢሮ ተጠርታ ይነገራት አሉ። ሃያት እምቢ አለች። መርዶ በስልክ አይነገርም፣ ቢሮ ተጠርቶም አይነገርም፤ ሰው ወገኑ መሀል፣ ቤቱ፣ ማለዳ ነው የሚረዳው። ሁለት ቀን ኮልፌን ስትዞር ሰነበተች። የአማረችን እህት አገኘች፣ የቸርቻቸውን ሽማግሌዎች አነጋገረች፣ የእድራቸውን ዳኛ ለመነች። ሦስተኛው ቀን ማለዳ፣ አማረች አትክልት ለማምጣት ሳትወጣ፣ በሩ ላይ ደረስን። እኔና ሃያት ከሁሉም ኋላ ነበርን።

አማረች በሩን ከፍታ ሽማግሌዎቹን ስታይ ገባት። አንደኛው ነገራት። ከዚያ መሬት ላይ ወድቃ ጮኸች። «ታምራት ሀንዲሶ» እያለች ነበር የምትጮኸው። «ታምራት ሀንዲሶ፣ ታምራት ሀንዲሶ»። ከሽማግሌዎቹ መካከል ወጉን የሚያውቁት እርስ በርስ ተያዩ። ከእነሱ አንዱ ኮፍያውን አውልቆ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እኔም አለቀስኩ፤ የማላውቀው ሰው ስም እንዲያ ያስለቅሰኛል ብዬ አላሰብኩም ነበር።

ሃያት ልትደግፋት ጠጋ አለች። አማረች አየቻት፣ አወቀቻትም። «ለምን ፈለግሽው?» አለቻት። «ምን አድርጌሽ ነው? ባትፈልጊው ኖሮ ዛሬም ነበረኝ።»

ሃያት ለቀስተኛው እስኪሞላ እዚያው ደጅ ቆመች፤ ውኃ ቀዳች፣ ወንበር አቀበለች። ወደ ቢሮ የተመለስነው ረፋድ ላይ ነው። የታምራትን መዝገብ ከአማረች ጋር አገናኘችና ማበጠሪያውን ለቀቀችው። መስመሩ ከቀዩ መሀል ጠፍቷል። ከኋላዋ ያለፉት ጋሽ ግርማ «ጎበዝ፣ አንድ ተቀነሰ» አሏት። ተነስታ ወጣች። ደረጃው ላይ ተቀምጣ አገኘኋት።

ሥራውን አልተወችም። በዚያው መንገድ ሌሎች ሚስቶችን ተከታትላ ሌሎች ባሎችን አገኘች። አንዱ በሕይወት፣ እስር ቤት ውስጥ ነበር፤ ተፈትቶ አገሩ ገባ። ወሩ ሲያልቅ ጋሽ ግርማ ስለመሰረዝ አላነሱም፤ በሪፖርቱ ላይ ምን ብለው እንደጻፉ አላውቅም፤ ያቺ ቃል ግን እስካሁን አልተጻፈችም። ሃያት ግን ተለውጣ ነበር። ቁጥሩን ጽፋ ከመደወሏ በፊት እጇ ስልኩ ላይ ይቆያል። አንድ ቀን ቆሎ እየቆረጠምን ድንገት፣ «ዳኒ፣ ያቺን ሴት ባልነካት ይሻል ነበር?» አለችኝ።

«ሥራሽን ነው የሠራሽው።»

«ይሄን የሚሉት ሌላ የሚባል ሲጠፋ ነው» አለች። እውነቷን ነበር።

ከዚያ በሽታው ጠናባት። መጀመሪያ ቀን እየዘለለች መጣች፣ ቀጥሎ በሳምንት አንዴ፣ ቀጥሎ ቀረች። ልጠይቃት ስሄድ ስለራሷ ሳይሆን ስለመስመሮቹ ትጠይቀኝ ነበር፤ እነእገሌ ተደወለላቸው? የእነእገሌ እናት መልስ አገኙ? ስለ አማረች ግን ዳግመኛ አላነሳችም። ኮልፌ የሙስሊም መቃብር በቀበርናት ቀን አፈሩን እያየሁ የማስበው ይህንኑ ነበር። ጠባችን፣ ቆሎዋ፣ ሳቋ ሁሉ ቀርቶ ያ ያልመለስኩላት ጥያቄ ነው የመጣብኝ። አሁንም ስጽፍ ያንገበግበኛል።

ከቀብሩ ሁለት ሳምንት ያህል በኋላ አማረች ቢሮ መጣች። ጥቁር ለብሳለች፤ በጀርባዋ በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ቆጮ፣ በእጇ ደግሞ በትንሽ ቅል ቅቤ ይዛለች። ከአገር ቤት መመለሷ ነው። የሃያትን ወንበር አየችና፣ «የት ሄደች? ለእሷ ነው ያመጣሁት» አለችኝ።

አስቀምጬ ነገርኳት። አላለቀሰችም። ቅሉን ጭኗ ላይ አድርጋ ስትዳብሰው ቆየችና፣ «ለእናቷ ማን ነገራቸው?» ብላ ጠየቀች።

«እናቷ እጅ ላይ ነው ያረፈችው።»

«ውሰደኝ» አለች።

እማማ ዘይነባ፣ የሃያት እናት፣ አጠና ተራ ውስጥ ባለው ቤታቸው ግድግዳ ተደግፈው ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው ነበር። አማረች የያዘችውን በሩ ሥር አስቀምጣ፣ ሄዳ ከፊታቸው ተንበረከከች። «እማማ፣ እኔን አያውቁኝም። ልጅዎ ባሌን ያገኘችልኝ ሴት ነኝ» አለቻቸው።

«በሕይወት?»

«አይ። ሞቶ።»

እማማ ዘይነባ ቀና ብለው አዩዋት። «ኮልፌ ገበያ ሽንኩርት የምትሸጪው ነሽ?»

«ነኝ።»

«አውቅሻለሁ» አሉ። «ያን ቀን ገብታ ምሳ አልበላም አለች። እዚህ፣ አንቺ ያለሽበት ተቀመጠችና፣ ‹እማ፣ ዛሬ የሰው ባል ገደልኩ› አለችኝ። ታማ ከተኛችም በኋላ ትለው ነበር።»

አማረች እዚያ ላይ ነው ያለቀሰችው። ሁለቱን እጆቻቸውን ያዘች። «አልገደለችም፣ እማማ። ባሌ የሞተው በመንገድ ነው፤ እሷ እንድናለቅስለት አደረገችን። አገር ቤት ሄጄ ለአባቱ ነገርኳቸው። ሽማግሌ ናቸው፤ ልጃቸውን ሳያለቅሱ ሊሞቱ ነበር። ልጄም ለአባቱ አለቀሰ። ያን ቀን የተናገርኩት ለእሷ አልነበረም፣ ለሞት ነው። ይሄን ልነግራት ነው የመጣሁት።»

እማማ ዘይነባ እጃቸውን አላስለቀቁም። በነጠላቸው ጫፍ የአማረችን ፊት ጠረጉላት።

«ምነው» አሉ፣ «ምነው ለራሷ በነገርሽልኝ።»